የዝምታ ትርጉም
በሆላንድ የሕግ ታሪክ ስለ ፈቃድና ስለ አቅም ማጣት

በስደት ላይ የምንገኝ ወገኖች ከአንደበታችን የማይለይ አንድ ቃል ቢኖር «ፈቃድ» የሚለው ነው። የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሥራ ፈቃድ፣ የጉዞ ፈቃድ እያልን ስንመላለስ፣ ቃሉ ከመሥሪያ ቤት መስኮት በወረቀት የሚሰጥ፣ ማኅተም ያረፈበት፣ ጊዜው ሲያልፍም የሚታደስ ነገር መስሎ በአእምሯችን ተቀርጿል። ይሁን እንጂ ፈቃድ ከወረቀቱ በፊት የነበረ፣ ከወረቀቱም የሚልቅ ትርጉም አለው። ይኸውም ሰው «እሺ» ወይም «እምቢ» ለማለት ያለው ሥልጣን ነው። ከዚህም ሥልጣን ሁሉ የመጀመሪያው ሰው በገዛ ገላው ላይ ያለው ነው።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው። «እሺ» ወይም «እምቢ» ለማለት የማይችል ሰው ቢኖር፣ ኅሊናውን የሳተ፣ በመጠጥ ወይም በመድኃኒት የደነዘዘ፣ ወይም በአእምሮ ሕመም ምክንያት የሚደረግበትን ነገር ለይቶ መረዳት ያልቻለ ሰው ቢሆን፣ ዝምታው በሕግ ፊት ምን ተብሎ ይተረጐማል? በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በሔግ ተበትነን የምንኖርባት ይህች አገር ለጥያቄው በተለያየ ዘመን የተለያየ መልስ ሰጥታለች። የአገራችንም ሕግ የራሱን መልስ ሰጥቷል። መልሶቹ እንዴት እንደ ተለዋወጡ ማወቅ ለሕግ ተማሪዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አለመሆኑን በመጨረሻው ላይ እናየዋለን። የአገራችንን ሕጎች በኢትዮጵያ አቈጣጠር «ዓ.ም.» እያልን፣ የቀረውን ሁሉ ግን በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናል።

ሀ. የአንዲት ልጅ ጉዳይ

በዲሴምበር 1977 በሆላንድ አገር የአእምሮ ዝግመት ያለባቸው ልጆች ይኖሩበት በነበረ አንድ የግል መኖሪያ ውስጥ፣ አንዲት ልጅ 16ኛ ዓመት ልደቷ በዋለ ማግሥት ሌሊት ከእንቅልፏ ተቀሰቀሰች። የቀሰቀሳት ሰው የመኖሪያው ኃላፊ አማች ነበር። በዚያ ቤት ተቀጣሪ አልነበረም፤ ከሚስቱ ጋር በግቢው ውስጥ ይኖር ነበር እንጂ። ልጅቷን ወደ ክፍሉ ወስዶ ልብሷን አስወለቃት፤ ደፈራትም።

አባቷ ነገሩን እንዳወቀ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ አቤት አለ። ልጁ በአእምሮዋ ሁኔታ ምክንያት አቤቱታ ለመፈረም እንደማትችል ሲያስረዳ፣ እርሱ ራሱ ሊፈርምላት እንደሚችል ተነገረው፤ ፈረመም። ዐቃቤ ሕጉ ግን በ1978 ሰውየው በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ተመሳሳይ ጥፋት እስካልፈጸመ ድረስ እንዳይከሰስ ወሰነ። አባትየው በአርንሄም ከተማ ለሚገኘው የይግባኝ ፍርድ ቤት አመለከተ። ፍርድ ቤቱ በጁላይ 1979 ይግባኙን ውድቅ አደረገው።

የፍርድ ቤቱን ምክንያት በጥሞና መመልከት ይገባል። በዚያን ጊዜው ሕግ አስገድዶ መድፈር የሚባለው በኃይል ወይም በኃይል ዛቻ የተፈጸመው ነው፤ ይህን በዚህ ጉዳይ ማስረዳት መቻሉን ፍርድ ቤቱ ተጠራጠረ። ሊጠቀስ ይችል የነበረው ሌላ አንቀጽ ደግሞ ክሱ የሚንቀሳቀሰው ተበዳይዋ ራሷ አቤት ስትል ብቻ ነው ይላል። ከ16 ዓመት በታች ለሆነች ልጅ ሕጋዊ ወኪሏ አቤት ሊልላት ይችል ነበር፤ ይህች ልጅ ግን 16 ዓመት ከሞላት አንድ ቀን አልፏል። ስለሆነም የአባቷ ፊርማ የእርሷን ፊርማ ሊተካ አልቻለም፤ እርሷ ደግሞ መፈረም አትችልም። ፍርድ ቤቱም በሕጉ ውስጥ ክፍተት እንዳለ አምኖ ተቀበለ፤ ክፍተቱን መድፈን ግን በእጁ አልነበረም። ይህን ሁሉ በግልጥ ቋንቋ ስንናገረው፣ ሕጉ መናገር የማትችለዋን ልጅ እንድትናገር ጠየቃት፤ ባለመናገሯም በዳይዋን ለቀቀው።

አባትና ልጅ ጉዳያቸውን ይዘው ወደ ስትራስቡርግ፣ ወደ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት አመሩ። በመዝገቡ ላይ ስማቸው ተሸፍኖ «ኤክስ» እና «ዋይ» ተብለው ብቻ ይታወቃሉ። ፍርድ ቤቱ መጋቢት ላይ፣ በ26 ማርች 1985፣ የሆላንድ መንግሥት የልጅቷን የግል ሕይወት የመከበር መብት እንደ ጣሰ ፈረደ። መንግሥት በሰው ገላና ክብር ላይ እጁን ባያነሣም፣ ሌላው ሲያነሣ የሚከለክል የወንጀል ሕግ ሳያወጣ ቢቀር ተጠያቂ መሆኑን አስታወቀ። በፍትሐ ብሔር ካሣ መጠየቅ ይቻላል የሚለው መከራከሪያም እንዲህ ላለው በደል አይበቃም ተባለ። ለልጅቷ 3,000 ጊልደር እንዲከፈላት ተወሰነ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ፍርዱ ግን እስከ ዛሬ በየአገሩ የሕግ ትምህርት ቤት የሚጠና ሆኖ ቀርቷል።

ለ. ክፍተቱ ከየት መጣ?

ይህ ክፍተት በአንድ ቀን ስሕተት የተፈጠረ አይደለም። ሥሩን ለማግኘት አንድ መቶ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ሆላንድ በናፖሊዮን ዘመን ወደ ፈረንሳይ ግዛት ስትቀላቀል የፈረንሳይን የወንጀል ሕግ በ1811 ተቀብላ ነበር። ናፖሊዮን ወድቆ ነፃነቷን ካገኘች በኋላም በዚያው ሕግ ለብዙ ዓመታት ተዳደረች። የራሷን የወንጀል ሕግ ያወጣችው በፍትሕ ሚኒስትሩ በአንቶኒ ሞደርማን ዘመን በ1881 ሲሆን፣ ሕጉ በሥራ ላይ የዋለው በ1 ሴፕቴምበር 1886 ነው።

በዚያ ዘመን በሌሎች አገሮችም ዳኞች ከዚሁ ጥያቄ ጋር ይታገሉ ነበር። በእንግሊዝ አገር በ1845 መጠጥ ተሰጥቷት ኅሊናዋን የሳተችን ልጅ የደፈረ ሰው «አልተቃወመችኝም» ብሎ ሊያመልጥ አልቻለም። በፈረንሳይም በ1857 አንድ ሰው በጨለማ ባሏን መስሎ ተኝታ ወደ ነበረች ሴት አልጋ በመግባቱ፣ ኃይል ባይጠቀም እንኳ ደፋሪ ነው ተብሎ ተፈርዷል። ስለዚህ የሆላንድ ሕግ አርቃቂዎች ጥያቄውን አያውቁትም ነበር ለማለት አይቻልም።

በእርግጥም መልስ አበጅተውለት ነበር። የ1886ቱ ሕግ ነገሩን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። በአንቀጽ 242 በኃይል ወይም በኃይል ዛቻ ሴትን አስገድዶ የደፈረ እስከ 12 ዓመት ይታሰራል። በአንቀጽ 81 ሰውን ኅሊናውን እንዲስት ወይም አቅም እንዲያጣ ማድረግ ኃይል እንደ መጠቀም ይቈጠራል፤ ስለዚህ በመጠጥ ውስጥ መድኃኒት ጨምሮ ያደነዘዘ ሰው ዱላ እንዳነሣ ያህል ነው። በአንቀጽ 243 ደግሞ ራሷን የሳተችን ወይም አቅም ያጣችን ሴት፣ ይህን ሁኔታዋን እያወቀ የተገናኛት ሰው እስከ 8 ዓመት ይቀጣል። የመጨረሻው አንቀጽ ታሪካዊ ትርጉም አለው። ባልተናገረ ሰው ዝምታ ውስጥ ፈቃድ ሊኖር እንደማይችል፣ በጠባቡም ቢሆን፣ የተቀበለ ነውና።

ነገር ግን ጥበቱ ብዙዎችን ውጭ አስቀረ። አንደኛ፣ ሕጉ በሁለቱም አንቀጾች «ከጋብቻ ውጭ» ይላል። ያገባች ሴት ብትተኛም፣ ብትታመምም፣ ራሷን ብትስትም፣ ለባሏ ፈቅዳለች ተብላ ትገመታለች። ሁለተኛ፣ «አቅም ማጣት» የተባለው የአካል አቅም ብቻ እንደሆነ ተደርጎ ተተረጐመ። እጅና እግሯ የሚንቀሳቀስ፣ ነገር ግን የሚደረግባትን የማትረዳ ልጅ በዚህ ትርጉም ውስጥ አትገባም። በ1977ቱ ሌሊት የሆነውም ይኸው ነው። ሦስተኛ፣ በሙሉ ንቃትና በፍጹም መሳት መካከል ስላለው ሰፊ ቦታ ሕጉ ምንም አልተናገረም። ዓይኗ የተከፈተ፣ አንደበቷ የተሳሰረ፣ ሰው ደግፎ የሚያስኬዳት ሰካራም ሴት ራሷን የሳተች ናት ወይስ አይደለችም? ይህ ጥያቄ እስከ 2002 ድረስ በሕጉ ቃል ግልጥ መልስ አላገኘም።

ሐ. ሁለት ዓይነት አቅም ማጣት

ከዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ተቃርኖ ማስተዋል ይገባናል። በ1838 የወጣው የሆላንድ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያገባችን ሴት በሕግ አቅም የሌላት አድርጎ ይቈጥራት ነበር። ያለ ባሏ ፈቃድ ውል መዋዋል፣ ንብረት መሸጥና መለወጥ፣ በራሷ ስም በፍርድ ቤት መቆም አትችልም። የተማረችም ብትሆን፣ ሐኪምም ብትሆን፣ ጋብቻ ስትፈጽም ከሕፃናትና ከአእምሮ ሕሙማን ጋር በአንድ መዝገብ ትገባለች።

እንግዲህ ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን አስቀምጠን እንያቸው። ነቅታ፣ አስባ፣ ብዕር ይዛ ልትፈርም ስትቀርብ፣ ሕጉ «ፈቃድሽ ዋጋ የለውም» ይላታል። በአልጋዋ ላይ ተኝታ ወይም ታማ ሳለች ግን «ፈቃድሽን አስቀድመሽ ሰጥተሻል» ይላታል። ፈቃድ ባላት ቦታ ይነፍጋታል፤ በሌላት ቦታ ይፈጥርላታል። በሁለቱም ቦታ የሚጠቀመው አንድ ሰው ነው። ስለ አቅም ማጣት የሚናገር ማናቸውም ሕግ ሊመረመር የሚገባው በዚህ ሚዛን ነው ብለን እናምናለን። አቅም የሌላት የተባለችው ማን ናት? ይህ ስያሜስ የሚጠብቀው እርሷን ነው ወይስ ሌላውን?

የመጀመሪያው ተቃርኖ የተፈታው ኮሪ ቴንዴሎ በተባለች የምክር ቤት አባል ትግል ነው። በሙያዋ ጠበቃ የነበረችው ቴንዴሎ በ1955 ያገቡ ሴቶች ከመንግሥት ሥራ የሚባረሩበት ደንብ እንዲቀር ምክር ቤቱን አስወሰነች። በ1956 ያገባች ሴት በሕግ አቅም የሌላት መሆኗ የሚቀርበት ሕግ ጸደቀ፤ ከ1 ጃንዋሪ 1957 ጀምሮም ጸና። ቴንዴሎ ግን በ1956 መኸር ስላረፈች ሕጉ በሥራ ላይ ሲውል ለማየት አልታደለችም። ሁለተኛው ተቃርኖ፣ ማለትም በጋብቻ ውስጥ ያለው መድፈር እንደ ወንጀል አለመቈጠሩ፣ ከዚያ በኋላ 34 ዓመታት ቈየ።

መ. በአገራችንስ?

ሆላንድ ያገቡ ሴቶችን ከሕግ አቅመ ቢስነት ባወጣችበት በዚያው ዓመት አገራችን አዲስ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አወጀች። የ1949 ዓ.ም. ሕግ በጄኔቫው ሊቅ በዣን ግራቨን የተረቀቀ ሲሆን፣ በሥራ ላይ የዋለው በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. ነው። በአንቀጽ 589 አስገድዶ መድፈርን ሲደነግግ፣ በኃይልና በብርቱ ዛቻ የተፈጸመውን ብቻ ሳይሆን ሴቲቱ ኅሊናዋን እንድትስት ወይም መከላከል እንዳትችል በማድረግ የተፈጸመውንም በአንድነት ይጠቅሳል። በአንቀጽ 591 ደግሞ ኃይል ባይኖርም፣ ራሷን የሳተችን ወይም በአእምሮዋ ሁኔታ የድርጊቱን ምንነት መረዳት ያልቻለችን ሴት ይህን እያወቀ የደፈረ እንዲቀጣ ያዝዛል። በዚህ ነጥብ ላይ የኛ ሕግ በወረቀት ደረጃ ከሆላንዱ ሕግ ይቀድም ነበር። የ1977ቷ ልጅ ያጣችውን ጥበቃ አዲስ አበባ የታተመው ነጋሪት ጋዜጣ አስቀድሞ ጽፎታልና።

ይሁን እንጂ ወረቀቱን ስናወድስ በዚያው ወረቀት ላይ ያለውን ሌላ አንቀጽ መሸፈን ከሐቅ መሸሽ ይሆናል። በአንቀጽ 599 መሠረት ተበዳይዋ በዳይዋን በፈቃዷ ካገባችው ክሱ ይቀራል። «በፈቃዷ» የሚለው ቃል በሕጉ ውስጥ ተጽፏል። ግን የተጠለፈች ልጃገረድ፣ ክብሯ ተገሠሠ ተብሎ ሌላ ሰው የማያጫት፣ ቤተሰቧ ደም እንዳይፋሰስ የፈራ፣ ሽማግሎች በሯ ላይ የተቀመጡባት፣ ከየት አምጥታ ነው ፈቃድ የምትሰጠው? በባህላችን ሙሽራ አንገቷን ስትደፋ «ዝምታ መስማማት ነው» ይባላል። ሕጉ ይህን ዝምታ ተቀብሎ ወንጀልን ወደ ጋብቻ ይለውጠው ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ባል የቤተሰቡ ራስ እንደሆነ፣ ሚስትም ልትታዘዘው እንደሚገባት ደንግጎ ጋብቻውን አጸናው።

በ1996 በአርሲ የ14 ዓመቷ ተማሪ አበራሽ በቀለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ተደፈረች፤ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ገደለች። የኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር በመሥራቿ በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ መሪነት ጥብቅና ቆሞላት፣ በመጨረሻ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብላ ነፃ ወጣች። ክርክሩ አገር ያወቀው ሆነ፤ ለተከታዮቹ ለውጦችም መንገድ ከጠረጉት አንዱ ሆኖ ይታወሳል። የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን በመብት እኩል አደረገ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ፣ በግንቦት 1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ ሲውል፣ ጠላፊን ወይም ደፋሪን በጋብቻ ነፃ የሚያወጣውን አንቀጽ ሰረዘ፤ የመድፈርን ቅጣት ከ5 እስከ 15 ዓመት አደረገ። ተበዳይዋ በእርጅና፣ በአካል ወይም በአእምሮ ሕመም ወይም በሌላ ምክንያት የድርጊቱን ምንነት ለመረዳት ወይም ለመቃወም የማትችል ከሆነች ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት ከፍ ይላል። ሆኖም «ከጋብቻ ውጭ» የሚሉት ሁለት ቃላት በአዲሱም ሕግ ውስጥ እንዳሉ ናቸው።

ሠ. ከመንገድ ወደ ምክር ቤት

በሆላንድ ሕጉን ከቦታው ያነቃነቁት በመጀመሪያ ዳኞች ወይም ሊቃውንት አልነበሩም። በ1974 በአምስተርዳም ጥቂት ሴቶች ባዶ ቤት ያዙና ከሚደበድቧቸው ባሎች ለሸሹ ሴቶች መጠለያ አደረጉት። ስሙንም «ገላዬን አትንካ» የሚል ትርጉም ባለው የሆላንድኛ ሐረግ ጠሩት። ከዚያ በኋላ በሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ ቤቶች ተከፈቱ። አድራሻቸው በምስጢር የሚጠበቅ፣ ለሚመጣባቸው ባል በር የማይከፍቱ ነበሩ። የቤቱ ስም ራሱ የሕግ ክርክር መሆኑን ልብ እንበል። ያገባች ሴት ገላ የራሷ ነው ማለት በዚያን ጊዜ ሕጉ ከሚለው ጋር በቀጥታ የሚጋጭ ነበርና።

በመንግሥት በኩል የሌይደኑ ፕሮፌሰር ሜላይ የመሩት አማካሪ ኮሚቴ በ1970 ተቋቁሞ የመጨረሻ ዘገባውን በ1980 አቀረበ። የስትራስቡርጉ ፍርድም በ1985 ተጨመረበት። በዚያው ዓመት ስለ አቤቱታ አቀራረብ የነበረው ክፍተት በሕግ ተደፈነ። በ1991 የወጣው ማሻሻያ ደግሞ ዋናውን ለውጥ አመጣ። «ከጋብቻ ውጭ» የሚለው ተሰረዘ፤ ተበዳይ ወንድም ሴትም ሊሆን እንደሚችል ታወቀ፤ በአእምሮ ሁኔታው ምክንያት ፈቃዱን መወሰን ወይም መግለጥ የማይችል ሰው በአንቀጽ 243 ጥበቃ ሥር ገባ። በ2002 ደግሞ «የተዳከመ ንቃት» የሚለው ሐረግ ተጨመረ። ፈጽሞ ራሷን ያልሳተች፣ ነገር ግን መጠጥ ወይም መድኃኒት ንቃቷን የወሰደባት ሴት ከዚያ በኋላ በሕግ ስም አገኘች።

ረ. የሔግ ችሎቶች

በሔግ ከተማ ውስጥ ደግሞ ጥያቄው ከሆላንድ አልፎ የዓለም ጥያቄ ሆነ። የቀድሞዋን ዩጎዝላቪያ የጦር ወንጀሎች ያየው ፍርድ ቤት በፎቻ ከተማ ሴቶችን በየቤቱ አግተው ስለ ደፈሩ ወታደሮች በ22 ፌብሩዋሪ 2001 ፍርድ ሰጠ። ችሎቱን የመሩት ዛምቢያዊቷ ዳኛ ፍሎረንስ ሙምባ ነበሩ። ከተከሳሾቹ አንዱ፣ ድራጎልዩብ ኩናራች፣ አንዲት እስረኛ ራሷ እንደ ቀረበችውና ፈቃደኛ እንደ ነበረች ተከራከረ። ችሎቱ ግን ሌላ ወታደር አዛዡን ካላስደሰትሽ ብሎ ዝቶባት እንደነበር አረጋግጦ፣ በእስር ያለ ሰው «እሺታ» በነፃ ኅሊና የተሰጠ ፈቃድ እንዳልሆነ ወሰነ። ኩናራች 28 ዓመት ተፈረደበት። በጁን 2002 የይግባኙ ችሎት ውሳኔውን ሲያጸና፣ ተበዳይ እስከ መጨረሻ መታገል ነበረባት የሚለውን አስተሳሰብ በሕግም በእውነታም መሠረት የሌለው ነው ብሎ አስወገደው።

በዚያው ዓመት በሔግ ሥራ የጀመረው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤትም ይህን በደንቡ አጸናው። በደንቡ መሠረት በተፈጥሮ፣ በሌላ ሰው አድራጎት ወይም በዕድሜ ምክንያት እውነተኛ ፈቃድ ለመስጠት አቅም ያጣ ሰው አለ፤ የዚህ ሰው ቃልም ሆነ አድራጎት እንደ ፈቃድ አይቈጠርም። ከተበዳይ ዝምታ ወይም አለመታገልም ፈቃድ አይተረጐምም። አገራችን የዚህ ፍርድ ቤት አባል አይደለችም፤ የሐሳቡ ባለቤት ለመሆን ግን ፊርማ አያስፈልግም።

ሰ. የ2024ቱ ሕግና እኛ

ሆላንድ ራሷ በሔግ የተነገረውን ወደ ገዛ ሕጓ ለማስገባት ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቶባታል። በ2020 የቀረበው የመጀመሪያ ረቂቅ ኃይል ሳይኖር ያለ ፈቃድ የተፈጸመውን ግንኙነት ከመድፈር ያነሰ ሌላ ስም ሊሰጠው ሞክሮ ነበር። ተበዳዮችና የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ተቃወሙ፤ ስሙም ተለወጠ። ከ1 ጁላይ 2024 ጀምሮ በጸናው አዲስ ሕግ መድፈር ለመባል ኃይል መኖሩ ግዴታ አይደለም። ፈቃድ እንደሌለ እያወቀ ያደረገ እስከ 9 ዓመት፣ ኃይል ወይም ዛቻ ካለበት እስከ 12 ዓመት ይቀጣል። ፈቃድ አለመኖሩን ሊጠረጥር የሚገባው ሆኖ ሳለ ሳያጣራ ያለፈም እስከ 4 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ራሱን የሳተ፣ ንቃቱ የተዳከመ ወይም አቅም ያጣ ሰው ፈቃድ እንደሌለው ይቈጠራል። እንግዲህ «አልታገለችም» ማለት መከላከያ መሆኑ ቀርቷል፤ «አላወቅሁም» የሚለውም እንደ ቀድሞው የሚያስጥል አይደለም።

ይህ ሁሉ ታሪክ እኛን የሚመለከተው በምን ረገድ ነው? አንድ ምሳሌ እናንሣ። በእንቍጣጣሽ ወይም በገና ማታ ወገን ከሦስቱም ከተሞች ተሰብስቦ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ጨፍሮ ሲያመሽ፣ ከአገር ከመጣች ጥቂት ወራት የሆናት አንዲት ልጅ ከልክ በላይ ጠጥታ ራሷን መቈጣጠር አቃታት እንበል። የመጨረሻው ባቡር ሄዷል። አንድ «የታወቀ ልጅ» «እኔ አደርሳታለሁ» ብሎ ይወስዳታል። በማግሥቱ የሆነው ነገር በሹክሹክታ ይሰማል። ከዚያ በኋላ በመካከላችን የሚነሡትን ጥያቄዎች ሁላችን እናውቃቸዋለን። ማን ጠጪ አላት? ለምን አልጮኸችም? ለምን አብራው ሄደች? ቀጥሎም ሽማግሌ ይላካል፤ «የወገን ገመና በፈረንጅ ፊት አይገለጥ» ይባላል፤ ይቅርታ ይጠየቃል፤ ልጅቷም ከዚያ ወዲያ በስብሰባችን ላይ አትታይም።

እነዚህ ጥያቄዎች የ1886ቱ ሕግ ጥያቄዎች ናቸው። የአርንሄም ፍርድ ቤት መናገር ያልቻለችውን ልጅ «ለምን ራስሽ አልፈረምሽም?» እንዳለ ሁሉ፣ እኛም መጮኽ ያልቻለችውን «ለምን አልጮኽሽም?» እንላታለን። በአደባባይ ስለ እኩልነት የምንከራከር ሰዎች በጓዳችን ሆላንድ በጣለችው፣ አገራችንም በ1996 ዓ.ም. ባሻሻለችው ሕግ እየፈረድን እንገኛለን። ሽምግልና ለጠብ፣ ለዕዳ፣ ለቂም መልካም ባህላችን ነው። ነገር ግን ሽማግሌ የሚያስታርቀው ሁለት ተናጋሪዎችን ነው። አንደኛው ወገን በዚያች ሌሊት አንደበት ካልነበረው፣ ዕርቁ የሚደረገው ከማን ጋር ነው?

ማድረግ የሚገባን ነገር ከባድ አይደለም። ሰክራ የወደቀች እኅት የምትሸኘው በታመኑ ሁለት ሰዎች እንጂ በፈቃደኛ አንድ ወንድ አይሁን። ወንድም ቢሆን እንዲሁ፤ ሕጉም በ1991 ይህን አውቋል። በደል የደረሰበት ሰው ወደ ወሲባዊ ጥቃት ሕክምና ማዕከል መሄድ ይችላል። የመጀመሪያው ማዕከል በዩትሬክት በ2012 የተከፈተ ሲሆን፣ ዛሬ በአምስተርዳምም፣ በሮተርዳምም፣ በሔግም ይገኛል። ሌሊትና ቀን ይሠራል፤ ለፖሊስ ማመልከት ግዴታ አይደለም። ማስረጃ ሊሰበሰብ የሚችለው በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ውስጥ ነው። ጂ ኤች ቢ እንደሚባለው ያለ ማደንዘዣ ግን ከሰውነት የሚጠፋው በሰዓታት ውስጥ በመሆኑ፣ ሽማግሌ እስኪሰበሰብ መጠበቅ ማስረጃውን ማጥፋት ነው። ደግሞም ብዙውን ጊዜ ሰውን አቅም የሚያሳጣው ምስጢራዊ መድኃኒት ሳይሆን በጠረጴዛችን ላይ ያለው ተራ መጠጥ መሆኑን አንርሳ።

የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው ወገኖች «ፖሊስ ጋ ብሄድ እባረራለሁ» ብለው መፍራታቸው የታወቀ ነው። ስለዚህ ይህም ይታወቅ። የተበደለ ሰው ስለ ወረቀቱ ሳይያዝ ነፃ ገብቶ፣ በደሉን ተናግሮ፣ ነፃ እንዲወጣ የሚፈቅድ አሠራር በአምስተርዳም ተሞክሮ በመላው አገሪቱ ተዘርግቷል።

በመጀመሪያ ወደ ተነሣንበት ቃል እንመለስ። የመኖሪያ ፈቃድ መንግሥት ይሰጣል፤ ይነሣልም። በገላችን ላይ ያለን ፈቃድ ግን ማንም የሰጠን አይደለምና ከስደት ጋር አይቀርም፤ ብንተኛም፣ ብንታመምም፣ ብንሰክርም ወደ ሌላ ሰው እጅ አይተላለፍም። ስሟ በመዝገብ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ የሆነው ያቺ ልጅ መፈረም አልቻለችም ነበር። በእርሷ ምክንያት አንድ መንግሥት ሕጉን ለውጧል። እኛም ቢያንስ ጥያቄያችንን መለወጥ አያቅተንም። ከእንግዲህ በመካከላችን እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ፣ መጀመሪያ የምንጠይቀው እርሷን ሳይሆን እርሱን ይሁን፤ «ፈቃዷን በምን አወቅህ?» ብለን።